ማሽን ላይ ያደረ ወረቀት

ጠርጣራ ሰው ነኝ። ለመኩራራት ብዬ አይደለም፣ ቀጥሎ የማወራው እንዲገባችሁ ነው። ሥጋ ስገዛ ዐይኔ ከሚዛኑ አይነሳም። ባጃጅ ነጂው በማላውቀው መንገድ ከታጠፈ ልቤ ይመታል። እናቴ ዓለም ጤና ከተማ ውስጥ ሽንኩርት እየነገደች ነው ያሳደገችኝ፤ ከጆንያው አፍ ላይ ደህና ደህናው ተደርድሮ የበሰበሰው ከሥር እንደሚታጨቅ ፊደል ሳልቆጥር ነው ያወቅሁት። «ጠርጥር፣ ከገንፎ አይጠፋም ስንጥር» ትል ነበር። ከእሷ የወረስኩት ይኸንኑ ነው።

ስትሞት አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከለቅሶው በኋላ አንድ ሰው ከአዳማ መጥቶ ወሰደኝ። ማን እንደሆነ እናቴ አስቀድማ ነግራኛለች። ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሞጆን ስናልፍ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ «አባትሽ ነኝ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ቤት ስንደርስ ግን ጋሼ በይኝ» አለ። ሚስትና ሦስት ልጆች ነበሩት። ለእነሱም ለጎረቤቱም «የእህቴ ልጅ ናት፣ እናቷ ሞታባት ነው» ተባለ። ልጆቹ «አባዬ» እያሉ አንተ ይሉታል፣ እኔ «ጋሼ» እያልኩ እርስዎ እለዋለሁ። ሃያ ዓመት አለፈው። እዚህ ላይ ግን አባቴ እለዋለሁ፤ ወረቀት ላይ ማን ይከለክለኛል።

አባቴ የፍርድ ቤት ታይፒስት ነበር። ወለንጪቲም፣ አዳማም ሠርቷል፤ ወጣት ሳለ ዓለም ጤና ተመድቦ በነበረ ጊዜ ነው እኔ የተወለድኩት። የጽሕፈት መኪናውን «ማሽኑ» ነበር የሚለው። በዘመኑ ሁሉ አንድ ግድፈት አልተገኘበትም ይባልለታል፣ ዳኞቹ የእሱን ወረቀት ሳያነቡ ይፈርሙ ነበር አሉ። እኔ እንኳ ዳኛ ብሆን አንብቤ ነው የምፈርመው። ግን እውነት ነው፣ ሲሳሳት አይቼው አላውቅም።

ቤቱ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጠቃሚ ልጅ ለመምሰል ማሽኑን ልወለውል ብዬ ግማሽ የተጻፈበትን ወረቀት ከላዩ መዝዤ አወጣሁት። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ያን ቀን ጮኸብኝ። «ከማሽን ላይ ወረቀት አይወጣም። ያላለቀ ነገር ማሽኑ ላይ ያድራል፤ ሲያልቅ ነው የሚወጣው» አለኝ። አንዴ የወጣ ወረቀት ተመልሶ ሲገባ መስመሩ እንደማይገጥም ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ቀን ግን የእሱ ልጆች ቢሆኑ ኖሮ ይህን ያህል አይቆጣም ነበር ብዬ ጠረጠርኩ።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ለሰፈሩ ሁሉ የሕይወት ታሪክ የሚጽፈው እሱ ሆነ። ሰው ሲሞት፣ ገና አስከሬኑ ሳይገነዝ፣ ከዘመዶቹ አንዱ ዐይኑ አባብጦ ይመጣል። አባቴ ያስቀምጠዋል፣ ውሃ ያስቀዳለታል፣ ከዚያ የት ተወለደ፣ ምን ሠራ፣ ስንት ወለደ እያለ ይጠይቀዋል። የስንት ልጆች አባት እንደነበር ሲጠየቅ የሚተናነቀው ሰው ብዙ ነው። «ቀብር ላይ የሚነበብ ወረቀት ፍርድ ነው፣ ይግባኝ የለውም» ይል ነበር አባቴ። ይህን ሲል እኔን አያየኝም።

ለጽሕፈት መኪናው ቀለም ሲጠፋ ወደ እኔ ላፕቶፕ ዞረ። እኔ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው፤ ደንበኛ የሚያመጣው ፍላሽ ሁሉ የቫይረስ ጎተራ ስለሆነ ላፕቶፑን ለሁለት ከፍዬ በአንደኛው ወገን ሊኑክስ የሚባል፣ ቫይረስ የማይደፍረው የኮምፒውተር ሥርዓት ጫንኩበት። ሌላኛው ወገን ዊንዶውስ ሆኖ ለአባቴ ቀረ፣ የለመደው የአማርኛ መጻፊያ እዚያ ስላለ። አንድ ግቢ፣ ሁለት ቤት፣ ሁለት በር በሉት። ማሽኑ ሲነሳ በየትኛው በር ልግባ ብሎ ይጠይቃል። እኔ በራሴ በኩል ገብቼ የእሱን ክፍል ከፍቼ ማየት፣ ፋይል ማንሳት፣ ማስቀመጥም እችል ነበር። የሰዎቹን የሕይወት ታሪክ የማትመውም በዚያ መንገድ ነበር።

ባለቤቱ ሞታ፣ ሁለቱ ልጆች አግብተው ከወጡ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው አባቴ፣ የመጀመሪያ ወንድ ልጁና እኔ ነን። ይህ ወንድሜ፣ ማለትም በሰፈሩ አጠራር የአጎቴ ልጅ፣ ቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ጭምት ነው፣ ምን እንደሚያስብ ፊቱ ላይ አይነበብም። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ለእኔ አይመቸኝም።

ሐኪም አባቴን ለሆዱ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ሰጠው። ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ምሳ ላይ ሆነን፣ «የራሴን ራሴ እጽፈዋለሁ። ለእናንተ ብተወው ታበላሹታላችሁ» አለ። እየሳቀ ነበር። አትሞ፣ ፖስታ ውስጥ አሽጎ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ለእድሩ ጸሐፊ እንደሚያስረክብ ነገረን። ወንድሜ «አባዬ፣ እንዲህ አይባልም» አለው። እኔ ያነሳሁትን ጉርሻ መለስኩት።

በማግስቱ ላፕቶፑን ስወስድ በእኔ በኩል ገብቼ የእሱን ክፍል ከፈትኩ። መሰለል ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሁለት ገጽ ጽፎ አስቀምጧል። ትውልዱ፣ ትምህርቱ፣ የሠራባቸው ከተሞች፣ ዓለም ጤናም በአንድ መስመር አለች። ከዚያ፦ «ሕጋዊ ጋብቻ መሥርተው የሦስት ልጆች አባት ለመሆን በቅተዋል»። ከሥሩ የሦስቱ ስም።

ሦስት።

ወፍጮ ቤት ያለሁ ይመስል ጆሮዬ ጮኸ። ሃያ ዓመት ልብሱን ያጠብኩለት፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሰጠሁት፣ ዐይኑ ሲደክም ያነበብኩለት እኔ አልተቆጠርኩም። በሕይወት እያለ ጋሼ መባሉን ችዬዋለሁ። ሞቶ ሕዝብ ፊት ሲነበብ ግን ያ ቃል ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይከፍተውም። ብዙ አልፈለግሁም፤ ሦስት የሚለውን አጥፍቼ አራት ልል ነበር። አንዲት ቃል። አጠፋሁት፣ ጻፍኩት፣ ላስቀምጠው ስል ማሽኑ እምቢ አለ። ለማንበብ ብቻ የተፈቀደ ነው አለኝ። ሌላ ፋይል ሞከርኩ፣ እምቢ። ክፍሉ በሙሉ ማየት እንጂ መንካት አይቻልም። ባለፈው ሳምንት እንደልቤ የምጽፍበት ክፍል ነው እኮ።

ሌላ ሰው ቢሆን ማሽኑ ተበላሸ ይላል። እኔ ማን ቆለፈብኝ አልኩ። በዚያው ሰሞን ወንድሜ ዊንዶውሱን አሳድሶ አምጥቶ የይለፍ ቃል አስገብቶበት ነበር። ማታ እራት ላይ በጨዋታ መሐል «የይለፍ ቃሉ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ለምን ፈለግሽው?» አለኝ።

«ፋይል ልገለብጥ።»

«አባዬን ጠይቂዋ» ብሎ እንጀራውን ቆረሰ።

አያችሁ፣ አልሰጠኝም። አወቀብኝ አልኩ። ከዚያ አባቴንም መጠባበቅ ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ይተይባል፤ ኮቴዬን ሲሰማ የላፕቶፑን ክዳን ዝቅ ያደርገዋል። ሻይ ላቀርብለት ስጠጋ «እዚያው አስቀምጪው» ይለኛል። በየቀኑ ይጽፋል፣ እኔ በየቀኑ በራሴ በኩል ገብቼ አያለሁ፣ ያው ሁለት ገጽ፣ ያው ሦስት ነው። ታዲያ ምን ሲጽፍ ነው የሚውለው? የሚጽፈውን እንዳላይ ሌላ ቦታ እየደበቀ ነው አልኩ። ሁለቱ ተመካክረው ነው አልኩ። በጥርጣሬ ላይ እንቅልፍ ማጣት ሲጨመር ሰው የማይለው የለም።

ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ፣ ላፕቶፑን ይዤ አብሮኝ ወደተማረ የኮምፒውተር ጠጋኝ ሄድኩ። «አካም ጅርታ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ፣ «ናጋ» አልኩት፣ ልቤ ግን ሰላም አልነበረውም። ከፍቶ መልእክቱን አነበበና ሳቀ።

«ማንም አልቆለፈብሽም። ዊንዶውሱ አልተዘጋም፣ ተኝቷል። ሲሠራ የነበረውን ሁሉ እንደያዘ ነው የተኛው። የአንቺ ሊኑክስ ደግሞ ጨዋ ነው፣ የተኛ ሰው ቤት ገብቼ ዕቃ አላነሳም ይላል። ማየት ብቻ።»

«መፍትሔውስ?»

«ቀላል ነው። በዊንዶውስ በኩል ግቢና በወጉ ዝጊው።»

«የይለፍ ቃል አለው።»

«ባለቤቱን ጠይቂያ።»

ሁሉም ጠይቂ ይላል። «ሌላ መንገድ የለም?» አልኩት።

ጺሙን አሸት አሸት አደረገ። «አለ። የእንቅልፉን ፋይል አጥፍቶ በግድ የሚያስከፍት ትእዛዝ አለ። ግን ሱታ፣ ቀስ በይ። ሳይቀመጥ ክፍት የተተወ ነገር ካለ አብሮ ይጠፋል፣ አይመለስም። እኔ ብሆን እጠይቅ ነበር።»

ትእዛዙን በወረቀት አጻፍኩት። ስወጣ ዊንዶውሱን ለወንድሜ ያሳደሰለት እሱ ራሱ መሆኑ ትዝ አለኝ። ታዲያ ቢያስፈራራኝ ይገርማል? እንዳልነካው ተነግሮት ነው አልኩ።

እሑድ ጠዋት አባትና ልጅ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ «ቁርስ ብዪ» አለኝ። የግቢው በር ሲዘጋ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ወረቀቱን አጠገቤ አድርጌ ትእዛዙን ፊደል በፊደል ጻፍኩ፣ ሁለት ጊዜ አመሳከርኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ጠጋኙ ያለው ነገር፣ ክፍት የተተወ ካለ ይጠፋል ያለው፣ በዚያች ደቂቃ ጆሮዬ ላይ መጥቶ ነበር። መለስኩለት። ዕድሜውን ሙሉ ሲተይብ የኖረ ሰው ጽፎ ሳያስቀምጥ ይነሳል? አልኩና ተጫንኩት።

ሊኑክስ ነገር ሲሳካ ምንም አይልም። ዝም አለ። የሕይወት ታሪኩን ከፈትኩ፣ ሦስትን አጠፋሁ፣ አራት አልኩ፣ አስቀመጥኩ። ተቀበለኝ። አላመንኩትም፣ ዘግቼ ከፈትኩት። አራት። እንደገና። አራት። ከሥሩ ስሜን ልጨምር ጣቴን አንስቼ አልደፈርኩም፤ የሦስቱ ስም እንዳለ ቀረ። ግን ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የበላሁት ቁርስ ጣመኝ።

አባቴ ሲመለስ ነጠላውን እንኳ ሳያወልቅ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ማሽኑ በዊንዶውስ በኩል ሲነሳ ድምፁን ሰማሁ። ቀጥሎ ዝምታ። ቁልፍ ሲጫን፣ ደግሞ ዝምታ። ወንድሜ ከቤተ ክርስቲያን በዚያው ሰው ሊጠይቅ ሄዷል።

«ነይ እስቲ» አለኝ።

ሄድኩ።

«ማሽኑ ላይ ወረቀት ነበረኝ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። የአልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። «ጋሼ፣ አላስቀመጡትም ነበር?»

«ያላለቀ ነገር ምን ብዬ አስቀምጠዋለሁ? የመጀመሪያውን አስቀምጬ ሳነበው ደስ አላለኝም፣ በአዲስ ወረቀት ጀመርኩት። ልጄ ይቺን ቁልፍ ስትጫን እንዳለ ይተኛልሃል አለኝ። እንዳለ ሲተኛ፣ እንዳለ ሲነሳ ነበር። ወደ ሁለት ሳምንት ማሽኑ ላይ ነበር የሚያድረው።»

እያወራ አሮጌውን ከፈተው። የታይፒስት ዐይን ነው፣ መስመሩን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ።

«ይቺ አራት ምንድን ናት?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ከዚያ በፊት እንዲያ ብዬው አላውቅም። መነጽሩን አወለቀና በነጠላው ጫፍ ጠረገው።

«እኔ ቁጥር አልጻፍኩም» አለ። «ልጅ እንደ ከብት አይቆጠርም ብዬ በስም ነው የጻፍኩት። አንቺን አስቀድሜ፣ የበኩር ልጄ ብዬ። የእናትሽን ስም ጽፌ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ያልኩሽን እንኳ አልደበቅሁም፣ በአደባባይ ይቅርታ ይሁን ብዬ። አራት ገጽ ደርሶ ነበር። ሳልጨርሰው እንዳታዪው ነበር ክዳኑን ስዘጋብሽ የሰነበትኩት።»

ቢጮህብኝ በተሻለኝ። ያኔ ለአንድ ወረቀት የጮኸው ሰው ለዚህ አልጮኸም። «ብትጠይቂኝ እከፍትልሽ ነበር እኮ» ብቻ አለኝ።

«ለልጆቹ ይንገሯቸው» አልኩት እያለቀስኩ። «አሁን ልጅዎ ሲመጣ ለእሱ ብቻ እንኳ ይንገሩት።»

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» አለኝ። «በአፌ ብነግራቸው አንዱ ሰማሁ፣ አንዱ አልሰማሁ ይላል፤ ስንቱን ክርክር ስተይብ ኖሬ። እጽፈዋለሁ።»

ሰኞ ጠጋኙ ጋ ሮጥኩ። ግማሽ ቀን ፈለገ፣ ዱካውንም አላገኘም። ነግሬሽ ነበር አላለኝም፣ ፊቴን አይቶ ይሆናል። ቤት ስመለስ አባቴ አዲስ ወረቀት ከፍቶ ተቀምጧል። ሁለት መስመር ጽፎ አጥፍቷቸዋል። «ያኛው ወጥቶልኝ ነበር» አለኝ። ሕመሙም በርትቶበት ነበር። «ስመለስ ረጋ ብዬ እጽፈዋለሁ» ብሎ ክዳኑን ራሱ ዘጋው። ያን ጊዜ ከእኔ ለመደበቅ አልነበረም።

ማክሰኞ ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆነ አሉን። ዓርብ ሞተ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ድንኳኑ ተተክሎ ሰው እየተሰበሰበ፣ ወንድሜ ወደ እኔ መጣ። አባቱ የጻፈውን እንዳትምለት ነው። ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አብረን ሄድን፣ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የይለፍ ቃሉን እሱ አስገባ። ፋይሉን ከፈትኩለት፣ ለማንበብ የተመረጠው እሱ ስለሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይለማመድ ጀመር። እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«የአራት ልጆች አባት» ብሎ ደገመው። ከሥሩ ያሉትን ስሞች በጣቱ ቆጠረ። «አራት ይላል፣ ስሙ ሦስት ነው።»

እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁ።

«አባዬ እኮ አይሳሳትም» አለና ወደ እኔ ዞረ። ጭምት ፊቱን አየሁት። ያውቅ ይሆን? ሁልጊዜ ያውቅ ነበር ይሆን? ወይስ ቁጥሩን ማን እንደነካው ነው የጠረጠረው? ልነግረው አፌን ከፈትኩ። አባቴ ያለኝን ቃል በቃል አውቀዋለሁ፣ የበኩር ልጄ ብሎ፣ የእናቴን ስም ጠርቶ። እዚያው ቁልፎቹ ፊት ነኝ፣ የሚከለክል የለም። ግን ሌላ ሴት መጥታ፣ በራሷ ኮምፒውተር፣ በምትሠራበት ቤት፣ በቀብሩ ጠዋት፣ ሟች እንዲህ ጽፎ ነበር ጠፍቶ ነው ብትለኝ ከሁሉ በፊት የምጠረጥራት እኔ ነኝ።

«ስህተት ነው?» አለኝ።

«ስህተት ነው» አልኩት። «የእኔ ነው፣ ሳስተካክል ነው።»

ትንሽ ጠበቀኝ። የሆነ ነገር እንድጨምር የፈለገ ይመስለኛል፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ አልጠየቅሁትምም። ከዚያ ሰዓቱን አየና «እንግዲህ አስተካክይው፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለ።

አራት የሚለውን አጥፍቼ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። አስቀመጥኩት። ማሽኑ ያን ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አልከለከለኝም።